የባልዲው ትራፊ

ኖራ የተቀበረ ቀን ሰው ሁሉ ያወራው ስለ እጁ ነበር። አንዱ «እጁ የተባረከ» አለ፤ ሌላው «ያ እጅ ለአፈር ይገባው ነበር?» እያለ አለቀሰ። በሕይወት ሳለ ሰላም ብለውት የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ፣ የሠራትን ትንሽ የጂፕሰም ምስል ከመደርደሪያቸው አውርደው፣ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው መጥተው ነበር። አንድ ጊዜ ልታገባው የነበረችው ፋርማሲስት ከሰዉ ኋላ ቆማ ሰማች። በእጇ ምንም አልያዘችም። ያንን እጅ ግን እዚያ ከቆሙት ሁሉ አብልጣ ታውቀዋለች። ስንጥቁን አንድ በአንድ የዘጋችው እሷ ነበረች፤ ዕድሜ ልኳን የሚቆጫትም ይኸው ነው።

ኖራ የወጣለት ስም ነው። ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ስለሚውል የሥራ ጓደኞቹ አወጡለት። «የምንሠራበት ጂፕሰም ነው እንጂ ኖራ አይደለም» ብሎ ሲከራከር፣ «አንተን ጂፕሰም ብሎ ለመጥራት ምላስ ማን ያበድረናል?» ብለው አጸደቁት።

ቅርጻ ቅርጽ ያስተማረው ሰው የለም። መጀመሪያ የሱቅ ታፔላ ጻፈ፤ ሳይንቀጠቀጡ መስመር መሳብን እዚያ ለመደ። ቀጥሎ የተጋጨ መኪና የሚያቃና ጋራዥ ገባ። የላሜራ ጉድፍ በዐይን አይታይም፣ በመዳፍ ነው የሚገኘው፤ ዐይኑን ጨፍኖ የመኪና በር ሲዳብስ ያዩት ሁሉ «ይሄ ልጅ መኪናዋን ሊያገባት ነው» እያሉ ይስቁበት ነበር። ከዚያ ዳቦ ቤት ሊጥ አሸ። ከዚያ ወደ ጂፕሰም። ዘመዶቹ «ሥራ አይበረክትለትም» ብለው ተስፋ ቆረጡበት። እሱ ግን ከየሥራው ሲወጣ ባዶውን አልወጣም፤ አንዳች ነገር በእጁ ተምሮ ነው የሚወጣው።

ጂፕሰም ጊዜ አይሰጥም። በውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ሲቆይ ይወፍራል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው። ሥራ ማብቂያ ላይ ባልዲው ሥር የቀረውን ሌላው ሠራተኛ ይደፋዋል። ኖራ ግን በመዳፉ ይዝቅና፣ ሳይደርቅበት፣ በዕለቱ ያየውን ይሠራበታል፤ ሸክም ያዘነበለው ትከሻ፣ ሻሽ የምታስር ሴት፣ ቆሞ ያንቀላፋ ዘበኛ። ንድፍ የለ፣ እርማት የለ። ቀኑን ሙሉ ኮርኒስ ሲደመድም የዋለ እጅ፣ ድካሙ ሳይወጣለት፣ ገና ትኩስ እንዳለ የሚያውቀውን ያደርጋል። ሲጨርስ መስኮት ደፍ ላይ ትቶት ይሄዳል። የወደደ ይወስደዋል።

የተገናኙትም በዚሁ በእጁ የተነሳ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲዋ ገብቶ ባንኮኒው ፊት ቆመ።

«ለእጅ የሚሆን ነገር ይኖርሻል?»

«እጅህ ምን ሆነ?»

መዳፉን ዘረጋላት። ስንጥቁ እስከ አንጓው ወጥቷል፤ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ደም ደርቋል።

«ይሄ እጅ ነው ወይስ ክረምት የዘገየበት ማሳ?» አለች።

«ማሳ ነው። ዝናብ ፍለጋ ነው የመጣሁት፣ ዶክተርዬ።»

«ፋርማሲስት ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም።»

«ለኔ ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ሳቋ አመለጣት። «እንዲያማ ከሆነ አንተ ዋናው ሐኪም ነህ!»

ቅባቱን እንዴት እንደሚቀባ ልታሳየው እጁን ያዘች። ማሳየቱ ካለቀ በኋላም አልለቀቀችውም። እሱም አልሳበውም። ሁለቱም ባንኮኒውን አዩ።

አባቷ ትልቅ ሥራ ተቋራጭ ናቸው። በግንበኝነት ጀምረው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ ላባቸውን አፍስሰው ነው እዚያ የደረሱት። ስለ ኖራ ስትነግራቸው ጋዜጣቸውን አጥፈው ጎናቸው አስቀመጡ።

«እኔ ከዚያ አቧራ የወጣሁት ልጄን መልሼ ልከታት ነው? እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የኔን የሥራ ልብስ ስታጥብ ነው ጥፍሯ ያለቀው።»

«አባዬ፣ ሰውየውን እኮ አታውቀውም።»

«ሰውየውን አላውቀውም። እጁን ግን አውቀዋለሁ።»

ይህን ብለው ተነሱ። አክስቷ፣ የእናቷ ታናሽ፣ ከእህታቸው ልጅ ሠርግ በቀር ሌላ ሐሳብ የማይገባቸው ሴት፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ልክ ናቸው። ፍቅር እጅ አያለሰልስም።»

«እኔ አለሰልሰዋለሁ» አለች እሷ። መድኃኒት የተማርኩት ለምንድነው ብላ ነው። ያን ጊዜ እንደ ታላቅ ቃል ኪዳን ነበር የተሰማት።

የምትወደውን ሰው ከአቧራ ልታወጣው ቆርጣ ተነሳች። አጎቷ የቢሮ ዕቃ አስመጪ ነው፤ ለምና አስለምና ኖራን ጠዋት ጠዋት የሚሠራበት ቦታ አገኘችለት። ከፋርማሲዋ ጀርባ ያለውን ባዶ ክፍል አስጠረገች፤ መስኮቱን አሰፋች፤ መቆሚያ አሠራች፤ ጥሩ የሸክላ ጭቃ በከረጢት አስመጣች። አዘጋጅታ ስትጨርስ ዐይኑን በመሐረብ ሸፍና ይዛው ገባች።

«አሁን ግለጥ!»

ገለጠ። ክፍሉን አየ። ጭቃውን አየ።

«ጠዋት ቢሮ ትገባለህ። ከሰዓት ነጻ ነህ፤ ያንተ ብቻ ነው። እስከ መቼ የሰው ኮርኒስ ስትደመድም ውለህ ጥበብህን ትራፊ ታበላዋለህ?»

«ቢሮው ውስጥ ሥራዬ ምንድነው?»

«ወንበር ሊገዙ ለመጡ ሰዎች ወንበር ማሳየት።»

«ወንበሩን የምሠራው እኔ ነኝ?»

«አይ! ተሠርቶ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲህ ሰው በሠራው ልኮራ ነዋ» አለና ሳቀ። ከዚያ አያት። ብዙ ነገር የያዘ እይታ ነበር። እሷ ደስታ መሰላት። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱም እቅፍ አድርጎ፣ ከትከሻዋ በላይ መስኮቱን እያየ፣ ጸጉሯን ሳመ።

ከዚያ በኋላ ምሽት በመጣ ቁጥር እጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትቀባዋለች። ስንጥቁ ገጠመ። የጠጠረው ቆዳ እየተቀረፈ ወደቀ። ልጅነቱ እጁ ላይ የተመለሰ መሰለ። «እየው!» ትለዋለች፣ የራሷን ሥራ እንዳየች ሠዓሊ። «የኔ እጅ ነው?» ይላታል፤ ቀልድ መስሏት ትስቃለች።

ክፍሉን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ለመናት። «እስክጠራሽ አትግቢ። ያላለቀ ነገር ሰው ሲያይብኝ እሸሻለሁ።» እሺ አለች። የሐኪም ጓንት ሲጠይቃትም «ለምን?» አላለችም፤ ጭቃው የታከመውን እጅ እንዳያደርቀው አስቦ ነው ብላ ደስ አላት። እንዲያውም ለአክስቷ «አዩ? ራሱን መጠበቅ ጀመረ» ብላ አወራች።

በመጨረሻ አባቷ እሺ አሉና ኖራን ቤታቸው አስጠሩት። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። አባቷ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጨበጡት፤ መዳፉን ገልብጠው እንደ ጨርቅ ነጋዴ ዳበሱት።

«ይሄማ የቢሮ ሰው እጅ ነው» አሉ። «ቅዳሜ ምሳ ከኛ ጋር ብላ። ከሠራኸው አንዱን ይዘህልኝ ና፤ እዚሁ ሳሎን አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ስለ ሠርጉ እንነጋገራለን።»

«እሺ፣ ጋሼ። ያክብርልኝ።»

እሷ ከደስታዋ የተነሳ ወንበር ይዛ ቆመች። ወደ እሱ ስትዞር፣ ኖራ የተጨበጠውን መዳፉን ዘርግቶ እያየው ነበር፤ የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት የደረሰው ይመስል። እንዳየችው ሲያውቅ እጁን ኪሱ ከተተና ፈገግ አለላት። ያንን ፈገግታ ሌላው ቀርቶ አፉ እንኳ አላመነበትም ነበር። እሷ ግን አመነችው። ማመን ስለፈለገች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ልትወስደው መጣች። ክፍሉን አንኳኳች፤ መልስ የለም። «እሱ ባይጠራኝም የምሳው ሰዓት እየጠራን ነው» ብላ ለራሷ ቀለደችና ገባች።

መቆሚያው ላይ ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጨርቁን ስትነካው በደንብ የራሰ ነው፤ የዛሬ ውሃ ነው። ቀስ ብላ ገለጠችው።

ጭቃው ከከረጢቱ እንደወጣ ነው። ጥርብ ድንጋይ የመሰለ፣ አራት ማዕዘን፣ የከረጢቱ እጥፋት ምልክት ሳይጠፋ። አንድ የጣት አሻራ የለበትም። በየቀኑ እየገባ ጨርቁን አርሶ፣ ሸፍኖ፣ ወጥቷል። ያን ሁሉ ጊዜ።

ወለሉ ላይ ግን ነጭ የጫማ ዱካ ነበር። ያንን ነጭ ታውቀዋለች።

ጋሽ ውሃልክ የኖራ የድሮ አለቃ ናቸው። ውሃ ልክ ግድግዳው መቃናቱን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ሽማግሌውም ነገር ሲጣመም አይወዱምና ሠራተኞቹ ስሙን አወረሷቸው። በዚያ ሰሞን አንድ የሚታነጽ ሆቴል ላይ ነበሩ፤ እሷም በቀጥታ ወደዚያው ሄደች። ገና ከበሩ ሲያዩዋት የልስን ማንካቸውን ይዘው ቆሙ።

«ዶክተርዬ! ማን ታመመብን?»

«ኖራ እዚህ ነው?»

ሰማይ አዩ፤ መሬት አዩ። «አይ ጣጣ! ዛሬስ ምነው ስሜ ሌላ በሆነ። ላይ ነው። ግን ልጄ፣ ጥቂት ቆይተሽ ውጪ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ ሥራ ማብቂያችን ነው፣ ባልዲው ላይ ነው…»

አልሰማቻቸውም። ደረጃውን ወጣች።

በር ያልተገጠመለት ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ባልዲው አጠገብ ተንበርክኳል። መስኮት ደፉ ላይ ጭብጥ ጭብጥ ያህል የደረቁ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ሰው ሊሆኑ ጀምረው የተዉ፣ ቅርጽ የሌላቸው። እጁ ላይ የሷ ፋርማሲ ጓንት አለ። ከባልዲው ዘቀ፤ ጨበጥ አደረገ፤ አገላበጠ፤ መልሶ ጣለው። ጓንቱን በጥርሱ ነክሶ አወለቀ። ባዶ እጁን ባልዲው ውስጥ ከተተ።

ያኔ ትከሻው ተለወጠ። ከዚያ በፊት ያላየችው ሰው ሆነ። አውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ሲጫን ከነጩ ውስጥ አንዳች ነገር ቀና አለ፤ ሌላው ጣት ሲከተል ያ ነገር ወደ ጎን ዘመም አለ፣ ሰው ሰው ሊል ጀመረ። ቆማ ልታይ ይገባት ነበር። እሷን ግን የያዛት ቅናት ነው፤ በኔ ክፍል፣ በኔ ጭቃ ያልተነሳው እዚህ ቆሻሻ ውስጥ ተነሳ የሚል ቅናት።

«ዋሸኸኝ!»

ዞረ። እጁ ውስጥ ያለው ገና ለስላሳ ነው።

«አንዴ ብቻ ታገሺኝ። ሊደርቅ ነው።»

«አሁን መልስልኝ! ጭቃውን አይቼዋለሁ። በየቀኑ ውሃ እያጠጣህ ታታልለኝ ነበር?»

ወደ መዳፉ አየ። ወደሷ አየ። ጣቶቹ ሊንቀሳቀሱ ፈለጉ፣ ከዚያ ቆሙ። እሷን መረጠ።

«ላታልልሽ አይደለም። ጭቃው እንዳይሞትብሽ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? የሰጠሽኝ ሁሉ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን እዚያ ውስጥ የለሁም ብዬ?»

«ጊዜ ሰጠሁህ! ሰው የሚመኘውን ጊዜ!»

«ሰጠሽኝ። እጄ ግን ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። እገባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ጭቃውን አያለሁ፣ ጨርቁን አርሼ እወጣለሁ። ሥራ ያልዋለ እጅ ምን ያወራል? ከሥራ የተረፈው ነው የኔ ሥራ። ትራፊ የምትዪው እሱ ነው የኔ።»

«ለማን ብዬ ነው አባቴን የለመንኩት?»

«ለኔ። ጓንቱንም ያጠለቅኩት ላንቺ ነው። ሁለቱንም ልይዝ ሞከርኩ። ይኸው» አለና መስኮት ደፉን በአገጩ አሳያት፤ «ያየሽው ሁሉ ሁለቱንም ልይዝ ስሞክር የሆነ ነው።»

ኖራ መዳፉን ዘቅዘቅ አደረገው። በውስጡ ያለው አልፈሰሰም፤ አልተጣጠፈም።

«ደረቀ» አለ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ይቀላት ነበር። አልነበረም። ያቺ ነገር ምን ልትሆን እንደነበረ መጠየቅ አማራት፤ አፏ ላይ ደርሶ ኩራቷ መለሰው።

«ታጠብ» አለች በምትኩ። «አባዬ እየጠበቀ ነው። መንገድ ላይ የሆነ ምስል ገዝተን እንሄዳለን። ማንም አያውቅም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልክ እንደማያውቃት ሰው አያት። ከዚያ ፊቱ ራራ።

«ሌላ ባልዲ ልበጠብጥ ነው። አንድ ጎኑ ያልተደመደመ ኮርኒስ አለ፤ ያን ጨርሼ የሚተርፈውን እሞክራለሁ። አንቺም ቁጭ በይ።» አንድ ባዶ ባልዲ ገልብጦ በክንዱ ጠረገላት። «አንድም ቀን ስሠራ አይተሽኝ አታውቂም እኮ። ዛሬ እይኝ። ምሳው ቢያልፍ ይለፍ። ከዚያ ከነአቧራችን አብረን ሄደን ለአባትሽ እውነቱን እንነግራቸዋለን።»

የተገለበጠውን ባልዲ አየች። ቀሚሷን አየች። አባቷ ሰዓታቸውን ሲመለከቱ ታያት።

«ዛሬ ካልመጣህ» አለች፣ «ሌላ ቀንም አትምጣ።»

ኖራ አዲሱን ባልዲ አነሳ። ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች፤ በየደረጃው ቆም እያለች፣ ይጠራኛል እያለች። ከላይ የተሰማው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲፈስ ብቻ ነበር። ጋሽ ውሃልክ ከበሩ ገለል አሉላት፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ለሐዘንተኛ መንገድ እንደሚለቅ ሰው።

ቤት ስትደርስ ሾርባው ቀርቧል። አባቷ የገበታው ራስ ላይ፣ አክስቷ በቀኛቸው። የኖራ ወንበር ባዶ ነው።

«ሰውየውስ?» አሉ አባቷ።

ውሸት አዘጋጅታ ነበር፤ ታሟል ልትል። ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ።

«ሥራ ላይ ነው።»

«በቅዳሜ?»

«ጂፕሰም ቤት ተመልሷል። አዲስ ባልዲ በጥብጦ ጥዬ አልመጣም አለ።»

«አላልኩም?» አሉ አክስቷ እጃቸውን እያጨበጨቡ። «የሰው ወግ የማያውቅ! ትልቅ ሰው ቤት ተጠርቶ፣ ገበታ ተዘርግቶ…»

«ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ» አሉ አባቷ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። መስኮቱን አዩ። «የበጠበጠውን ጥሎ ምሳ የሚሄድ ሠራተኛ ቢሆን እኔ ራሴ ነበርኩ የማባርረው። እኔ ዘንድ ሦስት ቀን አያድርም።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ያ ፊት፣ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራችው ፊት፣ አልተቆጣም። ከሩቅ የሚያውቀውን ሰው ድምፅ የሰማ ይመስል ነበር።

«ምን አለሽ? ዝም ብሎ ሸኘሽ?»

«ቁጭ ብለሽ እይኝ አለኝ። ከዚያ አብረን እንሄዳለን አለኝ።»

«ታዲያ» አሉ አባቷ፣ እንደ ወቀሳም አይደለም፣ በእውነት ሳይገባቸው፣ «አንቺ ለምን መጣሽ?»

መነሳት ትችል ነበር። ጫማዋ እግሯ ላይ ነው፤ በሩ አልተቆለፈም፤ የዚያ ባልዲ ጂፕሰም ገና አልደረቀም። አባቷ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው መንገዱን እንኳ ከፈቱላት። እሷ ግን ደረጃው ላይ ያልተጠራውን ስሟን አሰበች፤ አክስቷ እያዩዋት መሆኑን አሰበች፤ አንገቷን አቀናች።

«እሱ ይመጣል» አለችና ማንኪያዋን አነሳች።